ቴርማል ፓወር ሜትሬ 4.20 ዋት ያነባል፣ የፋብሪካው 4.50፤ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ጨረር_21

ሰላም ለሁላችሁ። እንጨትና ቆዳ የሚቀርፅ የ450 ናኖሜትር ሰማያዊ ዳዮድ ሌዘር ኃይሉን የምለካበት፣ በእጅ የተሠራ ቴርማል ፓወር ሜትር ከፋብሪካ ሜትር ጋር አልስማማ አለኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊቱ 40 በ40 ሚሊሜትር፣ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአልሙኒየም ሳህን ሲሆን ለምድጃ ጭስ ማውጫ የሚሸጠውን ሙቀት ቻይ ማት ጥቁር ስፕሬይ ተቀብቷል። ከሳህኑ ጀርባ ቲኢሲ1-12706 ፔልቲየር (ሁለት ፊቱ በሙቀት ሲለያይ ቮልቴጅ የሚሰጥ ሰሌዳ) አለ፤ ከእሱ ጀርባ ደግሞ የውኃ ብሎክ። ውኃውን ትንሽ ፓምፕ 10 ሊትር ከሚይዝ ባልዲ እያዞረ ይመልሰዋል። የፔልቲየሩን ቮልቴጅ የሚያነበው ኤዲኤስ1115 (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይር ቺፕ) ነው፣ በ±0.512 ቮልት ሬንጅ።

ካሊብሬሽኑ (ስንት ሚሊቮልት ስንት ዋት እንደሆነ መለየቱ) በኤሌክትሪክ ነው። የቲኦ-220 ቅርፅ ያለው 10 ኦም ሬዚስተር ሳህኑ መሐል ላይ በቴርማል ፔስት ተጣብቆ፣ 1 ሜትር በሚረዝም ቀጭን ሽቦ ከፓወር ሰፕላይ ጋር ይገናኛል። ሰፕላዩ 7.07 ቮልት ሲያሳይ 5.00 ዋት ማለት ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ንባቡ 357 ሚሊቮልት ላይ ይረጋል፤ ስለዚህ 71.4 ሚሊቮልት በዋት።

ሌዘሩ ሲበራ በ60ኛው ሰከንድ 300 ሚሊቮልት ያነባል፣ 4.20 ዋት። ካሊብሬሽኑ ዓመት ያልሞላው፣ ወረቀቱ ±3 በመቶ የሚል የፋብሪካ ቴርሞፓይል (በሙቀት የሚለካው የፋብሪካው ሜትር) ግን በዚያው ጨረር 4.50 ዋት ይላል። ሳህኑ ከመጨረሻው ንባብ 63 በመቶ ላይ ለመድረስ 22 ሰከንድ ይፈጅበታል።

ሁሉንም በ1.07 አባዝቼ ልገላገል ወይስ ስህተቱ ያለበት ቦታ ተለይቶ ይታወቃል?

ቮልትና_ኦም

ወንድሜ፣ በ1.07 አታባዛ። በሰጠኸው መረጃ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ስህተት አለ፤ ሁለቱ ንባብህን ዝቅ ያደርጋሉ፣ አንዱ ከፍ ያደርጋል። 1.07 ሦስቱ ተጣጥተው የቀረው ነው። ሽቦ ብትቀይር፣ የምታነብበትን ሰከንድ ብትቀይር ወይም ሌላ ቀለም ያለው ሌዘር ብታመጣ ቁጥሩ ወዲያው አይሠራም።

ከሽቦው እንጀምር። 1 ሜትር ሽቦ ደርሶ መልስ 2 ሜትር ነው። የ0.14 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በሜትር 0.12 ኦም ገደማ ስላለው ጠቅላላው ወደ 0.25 ኦም ይጠጋል። ሰፕላዩ የሚያየው 10.25 ኦም ነው። ከረንቱ 0.690 አምፔር ይሆናል፣ ሬዚስተሩ ላይ የሚደርሰው 6.90 ቮልት፣ ሳህኑን የሚያሞቀው ኃይል ደግሞ 5.00 ሳይሆን 4.76 ዋት። ትክክለኛው ሴንሲቲቪቲ (ለአንድ ዋት የሚሰጠው ሚሊቮልት) 357 ÷ 4.76 = 75.0 ሚሊቮልት በዋት ነው። ያንተ 71.4 ዝቅ ያለ ስለሆነ የሌዘሩን ንባብ 5 በመቶ ከፍ ያደርገዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ቀጭኑን ሽቦ ጥሎ ወፍራም ይገጥማል። ያ ሌላ ስህተት ያመጣል፤ ወፍራም መዳብ ሙቀቱን ከሬዚስተሩ እየሳበ ይወስደዋል። 1 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ፣ 10 ሴንቲሜትር ላይ የሚቀዘቅዝ ጥንድ ሽቦ በየአንድ ዲግሪ ልዩነት 8 ሚሊዋት ያህል ያስወጣል። ሬዚስተሩ ከአካባቢው በ10 ዲግሪ ቢሞቅ 0.08 ዋት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ቀጭኑ ይቆይ። በላዩ ላይ ሌላ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ከሬዚስተሩ እግር፣ ከአካሉ ሥር ተበይዶ ወደ ቮልትሜትር ይሂድ። ከረንቱን ለብቻው ለካና ኃይሉን ቮልት በአምፔር አባዝተህ አውጣ። በቮልት ስኩዌር ሲካፈል 10 አትሥራ፤ 10 ኦም የተጻፈበት ሬዚስተር 5 በመቶ ሊስት ይችላል፣ ሲሞቅም ይለወጣል።

ከሬዚስተሩ ወደ አየር የሚያመልጠውን ለማወቅ ደግሞ ሬዚስተሩን ብቻ (ሳህኑን ሳይሆን) በቁራጭ ስታይሮፎም ሸፍን። ንባቡ ከፍ ካለ፣ የጨመረው ያህል ሲያመልጥ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ያንተ ታይም ኮንስታንት (63 በመቶ ላይ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ) 22 ሰከንድ ከሆነ በ60ኛው ሰከንድ ንባቡ የደረሰው 93.5 በመቶ ላይ ብቻ ነው። ሬዚስተሩን 10 ደቂቃ ጠብቀህ፣ ሌዘሩን በ1 ደቂቃ ማንበብ አይሆንም። በ110 ሰከንድ 0.7 በመቶ ይቀራል፣ በ150 ሰከንድ 0.1 በመቶ። 150 ሰከንድ ጠብቅ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ሽቦውን ብቻ አስተካክለህ ብትለካ 300 ÷ 75.0 = 4.00 ዋት ታገኛለህ፤ ከፋብሪካው በ11 በመቶ ርቀህ። እዚያ ላይ ደንግጠህ ወደ ድሮው እንዳትመለስ። ሰዓቱን ስታስተካክል ወደ 321 ሚሊቮልት፣ ማለትም ወደ 4.28 ዋት ትወጣለህ። የቀረው 5 በመቶ ሳህኑ የተቀባው ጥቁር ቀለም ላይ ነው የሚመስለኝ፤ ኦፕቲክሱን የሚያውቁ ይጨምሩበት።

በነገራችን ላይ የጨረርን ሙቀት በኤሌክትሪክ ሙቀት መተካት የምስኪን ዘዴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኩርልባውም በጀርመን፣ ኦንግስትረም በስዊድን የጀመሩት ነው። ቦልደር፣ ኮሎራዶ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያ ተቋም የሌዘር ካሎሪሜትሮችም የሚካሊበሩት በኤሌክትሪክ ነው። ላንተ ያለው ጥቅም ትልቅ ነው፤ የሌዘርህ ልክ በመጨረሻ የሚቆመው በቮልትና በአምፔር ላይ ስለሆነ አዲስ አበባ ባለው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ማስመርመር የሚገባህ መልቲሜትርህን ነው።

ጥቁር_ሳህን

ቮልትና_ኦም ያለው ትክክል ነው፤ ቀለሙን እኔ ልቀጥል።

ሬዚስተሩ ሙቀቱን በሙሉ ለሳህኑ ይሰጣል፤ ጨረሩ ግን ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል። ማት ጥቁር ስፕሬይ በሚታይ ብርሃን ከ4 እስከ 6 በመቶ መመለሱ የተለመደ ነው። ዓይን ይህን ጨርሶ አይለይም። በግምት ከመሙላት ይልቅ ለካው፤ ዕቃው ርካሽ ነው።

ቢፒደብሊው34 ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ከረንት የሚቀይር) ውሰድና ከ1 ኪሎኦም ሬዚስተር ጋር ትይዩ አገናኘው። ከጨረሩ መስመር 45 ዲግሪ ላይ፣ ከሳህኑ 20 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ አስረው። ሌዘሩን በዝቅተኛው ኃይል አብራ። መጀመሪያ ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ 10 ሚሊሜትር የሚወፍር ነጭ የቴፍሎን ሰሌዳ አድርገህ አንብብ፣ ከዚያ ምንም ሳታንቀሳቅስ ጥቁሩን ሳህን በዚያው ቦታ ተካ። ሌዘሩ ጠፍቶ ያለውን የክፍሉን ብርሃን ከሁለቱም ቀንስ። የሁለቱ ሬሾ የቀለሙ ነፀብራቅ ነው። ቴፍሎኑ ራሱ 100 በመቶ አይመልስም፤ ነገር ግን በ5 በመቶ ቢስት እንኳ 5 በመቶ በሆነው ነፀብራቅ ላይ የሚያመጣው ስህተት ሩብ በመቶ ብቻ ነው። ዘዴው የሚያምረው ለዚህ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻ ሁለት ነገር አለ። ፎቶዳዮዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ100 ሚሊቮልት አይለፍ፣ ካለፈ መስመራዊነቱ ይጠፋል፤ ካለፈብህ ራቅ አድርገው። የመቅረጫ ማሽን ሌዘር ዝቅተኛ ኃይል የሚሰጠው በፒደብሊውኤም እየቆራረጠ ስለሆነ ከ1 ኪሎኦሙ ጋር 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ትይዩ አድርግ፣ አማካዩን ይሰጥሃል። ፎቶዳዮዱንም ሌላ ሁለት ሦስት አንግል ላይ ሞክረው። ሬሾው በአንዱ አንግል ድንገት ከዘለለ ቀለሙ ማት አይደለም፣ እንደ መስታወት የሚመልሰው ክፍል አለ፤ ሳህኑን በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት አሻክረህ እንደገና ቀባ።

ፎከስ ላይ በፍጹም እንዳትለካ። 0.1 ሚሊሜትር ላይ የተሰበሰበ 4.5 ዋት ከ50 ኪሎዋት በካሬ ሴንቲሜትር በላይ ነው፤ ቀለሙ በቅጽበት ይነዳል፣ የተቃጠለችው ነጥብም ከዚያ በኋላ ሌላ ነፀብራቅ ይኖራታል። ሳህኑን ከፎከሱ አርቀህ ነጥቡ 6 ሚሊሜትር እስኪሆን አስፋው፤ ወደ 16 ዋት በካሬ ሴንቲሜትር ይወርዳል። በእጅ ባትሪ ከጎን እያበራህ ስታየው ግራጫ ክብ ከታየህ ሳህኑ ካሊብሬሽኑን አጥቷል።

ነጥቡን መሐል ላይ አንብበህ ሲያበቃ 12 ሚሊሜትር ወደ አራቱም ማዕዘን እያዛወርክ አንብብ። ፔልቲየሩ ውስጥ ያሉት ጥንዶችና የፔስቱ ውፍረት ሁሉም ቦታ እኩል አይደሉም።

ዳዮዱ ራሱም ሲሞቅ ኃይሉ ይወርዳል። 150 ሰከንድ በመጠበቅህ የምታየው ለውጥ የሜትሩ ይሁን የሌዘሩ ለመለየት፣ በጨረሩ መንገድ ላይ የማይክሮስኮፕ ስላይድ ከ10 ዲግሪ ባነሰ ዘንበል አድርገህ አቁም። ከሁለቱ ገጾቹ በድምሩ 8 በመቶ ያህል ይመልሳል፤ ያንን ወተት መሰል ፕላስቲክ አሳልፈህ በፎቶዳዮድ ተከታተለው። ስላይዱን 45 ዲግሪ ብታደርገው የዳዮዱ ፖላራይዜሽን (ብርሃኑ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ) ቁጥሩን ያዛባብሃል። ሁለቱን ሜትሮች እያፈራረቅክ ስታወዳድርም እያንዳንዱን ንባብ ለዚህ ሞኒተር አካፍለው፣ ሌዘሩ በመካከል የተለዋወጠው ይወጣልሃል።

መነጽሩ ለ450 ናኖሜትር ኦዲ 5 (ጨረሩን ወደ መቶ ሺህ አንድ የሚቀንስ) ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ይሁን። ማት ሳህን የሚበትነው 5 በመቶ እንኳ ከ200 ሚሊዋት በላይ ነው።

ጨረር_21

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውጤቱን በቅደም ተከተል እነሆ።

በአራት ሽቦ፦ ሬዚስተሩ ላይ 6.90 ቮልት፣ 0.690 አምፔር፣ 357 ሚሊቮልት። 75.0 ሚሊቮልት በዋት ወጣ። ስታይሮፎሙ የጨመረው 2 ሚሊቮልት ብቻ ነው።

ሌዘሩ በ150 ሰከንድ፦ 320 ሚሊቮልት፣ ማለትም 4.27 ዋት። በሞኒተሩ ላይ ሌዘሩ የወረደው ከግማሽ በመቶ በታች ነው።

ነፀብራቅ፦ ቴፍሎን 82.0 ሚሊቮልት፣ ጥቁሩ ሳህን 4.4። 5.4 በመቶ። 4.27 ሲካፈል ለ0.946፣ 4.51 ዋት።

ማዕዘኖቹ፦ 316፣ 318፣ 321፣ 315።

ቮልትና_ኦም

ጥሩ ሥራ ነው። አሁን 4.51 እና 4.50 ስለተቀራረቡ ሜትርህ በ0.2 በመቶ ትክክል ነው እንዳትል። የእያንዳንዱን ጥርጣሬ ለየብቻ አስቀምጥ፦ ኤሌክትሪኩ 0.5 በመቶ፣ የሬዚስተሩና የጨረሩ ሙቀት እኩል አለመሆን 1፣ የቦታ ልዩነት 1፣ ነፀብራቁ 1፣ የሌዘሩ መዋዠቅ 0.5። እነዚህ በቀጥታ አይደመሩም፤ እያንዳንዳቸው ስኩዌር ሆነው ተደምረው ሥራቸው ይወጣል፦ 1.9 በመቶ አካባቢ። በሁለት ሲባዛ 3.7 በመቶ፤ በሰርተፍኬት ላይ የሚጻፈው እንደዚህ ያለው ቁጥር ነው። የፋብሪካው 3 አለው። ሁለቱ በዚያው ስሌት ሲገናኙ 4.8 በመቶ ይሆናል። የመጀመሪያው ልዩነትህ 6.7 ነበር፣ ከወሰኑ ውጭ፤ ስለዚህ እውነተኛ ስህተት ነበር። ልዩነቱ 3 በመቶ ቢሆን ኖሮ ምንም የምትፈልገው ስህተት ላይኖር ይችል ነበር።

ቅርፅ_ቤት

ልጠይቅ። እኔ ውኃ ብሎክ የለኝም፣ ያለኝ ፋን ያለው የኮምፒውተር ሂት ሲንክ ነው፤ ይሆናል? ሁለተኛ፣ 40 ዋት የሚባል የሲኦቱ ቲዩብ (በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራ ሌዘር) አለ፤ እሱንስ በዚህ መለካት ይቻላል? ቦታው አዲስ አበባ ነው።

ጥቁር_ሳህን

ሂት ሲንኩ ይሆናል፣ ግን ታገሥ። ከላይ ያለው ሳህን ከፔልቲየሩ ፊት ጋር ለአንድ ዲግሪ 15 ጁል ያህል ይይዛል። ሂት ሲንኩ በደቂቃ 1 ዲግሪ እየሞቀ ከሆነ ሳህኑም አብሮ መሞቅ ስላለበት 0.25 ዋት እዚያው ይቀራል፤ ሜትሩ በዚያ ልክ አሳንሶ ያነባል። 300 ግራም አልሙኒየም በ5 ዋት ሲጀምር የሚሞቀው ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ የሳህኑን 150 ሰከንድ ሳይሆን የሂት ሲንኩን መርጋት ጠብቅ፤ ሂት ሲንኩ ላይ ቴርሚስተር (በሙቀት የሚለወጥ ሬዚስተር) ለጥፈህ በደቂቃ ከ0.1 ዲግሪ በታች ሲለወጥ አንብብ። ፋኑ ወደ ሳህኑ ፊት አየር እንዳይወረውር በካርቶን ጋርደው። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለል አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋን ለሌለው ሂት ሲንክ ይህ በተፈጥሮ የአየር ዝውውር የሚወጣውን ሙቀት በ13 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል። በአየር የሚቀዘቅዝ የፋብሪካ ሴንሰር ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ዋት እስከ ጫፉ አትጠቀምበት።

ለሲኦቱው ፔልቲየሩን ተወው። ፎከስ ያልሆነው የ5 ሚሊሜትር ጨረር በ35 ዋት መሐሉ ላይ ከ300 ዋት በካሬ ሴንቲሜትር ያልፋል፤ ቀለሙ አይችለውም። የተሻለው የአልሙኒየም ሲሊንደር ነው። ዲያሜትሩ 35፣ ርዝመቱ 45 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ አስቆርጠህ መሐሉን በ12 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ 30 ሚሊሜትር ጥልቅ አድርገህ ብሳው፣ ከዚያ አኖዳይዝ ይደረግ (ገጹ በኤሌክትሪክ ኦክሳይድ ይልበስ)። ጨረሩ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚመላለስ፣ የገጹ መምጠጥ 85 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ የጉድጓዱ ወደ 98 ይደርሳል። በጀርባው 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ አውጥተህ የስሪዲ ፕሪንተር 12 ቮልት 40 ዋት ሂተር ካርትሪጅ ክተት፣ አጠገቡ የዚያኑ ፕሪንተር ቴርሚስተር።

106 ግራም ቢመዝን 95 ጁል በዲግሪ ይሆናል። 35 ዋት ለ30 ሰከንድ 1050 ጁል ነው፤ 11 ዲግሪ ያሞቀዋል። ከክፍሉ ሙቀት 5 ወይም 6 ዲግሪ ዝቅ አድርገህ ጀምር፤ መጀመሪያ ከአየሩ የሚወስደውና መጨረሻ ላይ ለአየሩ የሚሰጠው ይጣጣሉ። ከአየሩ እኩል ብትጀምር 1 በመቶ ያህል ይጠፋብሃል። በየ5 ሰከንዱ መዝግብ፣ ሌዘሩ ከጠፋ በኋላም 2 ደቂቃ ቀጥል፤ ሲቀዘቅዝ የሚሠራውን መስመር ወደ ኋላ ስበህ ሌዘሩ በርቶ እስከቆየበት ጊዜ አጋማሽ አድርስ።

ከዚያ ያንኑ በሂተሩ ድገመው፦ በአራት ሽቦ የተለካ 35 ዋት፣ 30 ሰከንድ፣ ከዚያው የመነሻ ሙቀት። ክብደቱም፣ የአልሙኒየሙ ዓይነትም፣ የቴርሚስተሩ ስህተትም በሁለቱ ሙከራዎች ስለሚመሳሰሉ ይጣጣሉ። የሚቀርህ የጉድጓዱ 2 በመቶና የሰዓቱ ልክ ብቻ ነው። ሰዓቱን በእጅ አትያዝ፣ ከመቆጣጠሪያው ቦርድ አስተኩሰው፤ የግማሽ ሰከንድ መዘግየት በ30 ሰከንድ ላይ 1.7 በመቶ ነው።

ቴርሚስተሩን ለብቻው መፈተሽ ከፈለግክ በሚቀልጥ በረዶ 0 ዲግሪ ጥሩ ነጥብ ነው። በሚፈላ ውኃ ግን 100 እንዳትጠብቅ፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን ረስቶ ደህናውን ቴርሞሜትር በ8 ዲግሪ የሚያበላሽ ብዙ ነው።

የማይክሮስኮፕ ስላይዱን ለሲኦቱ አትጠቀምበት፤ 10.6 ማይክሮሜትር መስታወት ውስጥ አያልፍም፣ ስላይዱ ይሰነጠቃል። የ450 ናኖሜትር መነጽርም ለሲኦቱ ነው ተብሎ ካልተጻፈበት አያገለግልም። ቲዩቡ በ10 ሺዎች ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ገመዱን ከመንካትህ በፊት ከሶኬት ነቅለህ አኖዱን በተከለለ ዘንግ ወደ መሬት አውርደው።

ጨረር_21

አንድ የቀረኝ፦ በየስንት ጊዜው ልድገመው?

ቮልትና_ኦም

የፋብሪካዎቹ በዓመት አንዴ ይባላል። ያንተ ሬዚስተር ከተነሣ በኋላ እንደገና መለጠፉ ራሱ ስለሚያለዋውጠው ትንሽ ቺፕ ሬዚስተር በሳህኑ ጠርዝ ላይ በኢፖክሲ ለዘለቄታው ለጥፍ። ዛሬ በዚያ 2.00 ዋት ስትሰጠው ስንት ሚሊቮልት እንደሚል ጻፍ፤ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ከ75.0 ቢለይም ችግር የለውም። ከሥራ በፊት ያንን አንብብ። ከ1 በመቶ በላይ ከተለወጠ ፔስቱ ደርቋል ወይም ፔልቲየሩ ተሰንጥቋል፤ ሙሉውን ድገም። ቀለሙን ግን ይህ ፍተሻ አያየውም፤ የቴፍሎኑን ሰሌዳ ከሳጥኑ አታውጣው።